ባሕር ዳር ደርሶ የተመለሰው ፕሌስቴሽን

ቀረብ በሉ እስቲ። ዱካውን ወደዚህ ሳብ አድርጉት፤ ልጆቹም ይግቡ፣ የዛሬው ወግ የእነሱ ነውና። ቢቸናን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ መሬቱ ከፊታችሁ ይከፈትና ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ፣ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ወበቁ ፊታችሁን ይመታዋል፣ ከዚያም ድልድዩን ተሻግራችሁ ደጀን ላይ ብቅ ስትሉ ብርዱ ይቀበላችኋል፣ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ወደ ግራ ትታችሁ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ በክረምት ከጫማ አልላቀቅ ይላል፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በዚያ መሀል ቢቸና ትመጣለች፣ ከዚያም ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም ጉንደ ወይን፣ ከዚያም ሞጣ፤ ከሞጣ አዴት፣ ከአዴት ባሕር ዳር። ይህን መንገድ በልባችሁ ያዙልኝ፤ አንድ ዕቃ በዚህ መንገድ ሄዶ ሲመለስ ታያላችሁና።

በዚህ አገር ጨዋታ ድሮም ሰው ሰብሳቢ ነው። እረኛው ከብቱን አሰማርቶ በበትሩ ጫፍ መሬቱን ይፈለፍልና ጉድጓድ በረድፍ ያበጃል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ ጓደኛውን ይጠራል፣ ገበጣውም ይጀመራል። ተጫዋቹ ሁለት ነው፣ ከቦ የሚያየው አሥር። የሚያዩትም ዝም ብለው የሚያዩ አይምሰላችሁ፤ ጠጠሩን በዓይናቸው ይቆጥራሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ «ከዚያኛው አንሳ እንጂ!» ይላሉ፣ ተጫዋቹም ይቆጣል፣ ተቆጥቶም ይሰማቸዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወት መዝግበዋል። ይህ ሁሉ የተጠበበው በጉድጓድና በጠጠር ላይ ነው። ዳማም አለ፣ ካርቶን ላይ ተሰምሮ፣ ቆርኪው ባንዱ ወገን ተንጋሎ፣ በሌላው ተደፍቶ። ኋላም ጆተኒ መጣና በየመንገዱ ዳር ቆመ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይከበው ጀመር።

ከዚያም ፕሌስቴሽን መጣ። ሶኒ ፕሌስቴሽን ቱን ያወጣው በእኛ 1992 ዓ.ም. ነው፤ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፣ ከቴሌቪዥን ጋር ከሚገናኙ የጌም ማሽኖች እጅግ ከተሸጡት ተርታ ነው። ወደ እኛ የመጣው ግን ዘግይቶ፣ ከሚሌኒየሙ ወዲህ፣ ሌላ ሰው ተጫውቶበት፣ ሌንሱ ደክሞ፣ አንዳንዱም በጎኑ ካልቆመ ሲዲ አላነብ እያለ ነው። ቢቸና ውስጥ አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ ስሙን ለእሱ ልተውለትና፣ አንዲት ክፍል ተከራየ፣ አግዳሚ ወንበር አስገባ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ሰቀለ፣ በሩ ላይም መጋረጃ ጣለ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ከፍሎም ይነሳል፣ አሸናፊ ይቆያል። ጌሙ ዊኒንግ ኢለቨን ነበር፣ ኮሜንታተሩ በጃፓንኛ እየጮኸ፤ በኋላ ደግሞ ፔስ ሆነ። ልጆቹ ጃፓንኛውን አልጠበቁትም፣ ከአግዳሚው ላይ ራሳቸው ኮሜንታተር ሆኑ። የተጫወቱትም የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ነበር፤ የዛሬ ስልክ ሁለት ፎቶ ቢያነሳ ይሞላዋል፣ ለእነሱ ግን የክረምት ሙሉ ሻምፒዮና ያዘላቸው።

እኔም እዚያ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት የእህቴን ልጅ ላወጣ ነው፤ እናቱ የዳቦ ገንዘብ የት እንደሚገባ ጠርጥራ ልካኝ። የእናቶችን ጭንቀት አላቃልልም፤ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ነበር፣ መምህራኑም ተማርረው ነበር፣ እውነታቸውን ነው። የጎረቤቴም ልጅ ይህንን ሰምቶ ዩኒፎርም የለበሰውን በትምህርት ሰዓት አላስገባም ብሎ ቆረጠ፣ በቃሉም ጸና። እኔ ግን ልጁን ላወጣ ገብቼ ያየሁት ገበጣውን ነው። ያው ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ያው አሥሩ ያጉረመርማሉ። ከዚያም መብራት ሄደ። ቤቱ ጨለመ፣ አንዱ «ሁለት ለባዶ እየመራሁ ነበር!» ብሎ ተነሳ፣ ሌላው «ገና አልተፏጨም!» አለ፣ ነገሩ ጠነከረና ወደ እኔ ዞረው «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አሉኝ። እኔም ግራ ቀኙን ሰማሁ፣ አሰብኩ፣ መብራቱ ሲመጣ እንደገና ይጀመር፣ እስከዚያ ያለውን ሒሳብ ግን የተመራው ግማሹን ይክፈል አልኩ። ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ዳኛው እኔ ሆንኩ።

ዓመታት አለፉና የጎረቤቴ ልጅ እቁብ ደረሰው፤ አሮጌዋን ማሽን በላስቲክ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባና ፕሌስቴሽን ፎር ገዛ። አዲስ የኳስ ጌምም በሲዲ ገዛ፣ ስሙን አልጠራውም፣ የቱም ሊሆን ይችል ነበርና። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል፣ ሣሩ ይታያል፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዕረፍት መልስ ግን ምስሉ ደርቆ ቀረ። አጠፉት፣ አበሩት፣ ከዕረፍት መልስ እንደገና ደረቀ። ሲዲውን በሸሚዙ ጠረገው፣ በትንፋሹ አሞቀው፣ እንደ ድሮው በጎኑ አቆመው፣ መብራቱን ጠረጠረ፣ በመጨረሻም ራሱን ጠረጠረ፤ ከዚህ በላይ ያሳዘነኝ የለም፣ ከፍሎ የገዛ ሰው እንከኑን በገዛ እጁ ላይ ሲፈልግ። ከዚያ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ ገባና እንግሊዝኛውን አነበበለት። ጌሙ እርማት ይፈልጋል፣ እርማቱም የሚመጣው በኔትወርክ ነው፣ መጠኑም ብዙ ጊጋባይት ነው። በዚያ ሰሞን የቢቸና ኔትወርክ ፎቶ ለመላክ እንኳን ደጅ መውጣት የሚያስፈልገው ነበር።

ማሽኑ ወደ ኔትወርኩ መሄድ ነበረበት። እኔም ባሕር ዳር ልጄን ልጠይቅ ነበርና አብረን ተነሳን። ሐምሌ ነው። ሌሊት የጀመረው ዝናብ አላባራም፣ መናኸሪያው ጭቃ ነው፣ ቅጥቅጡ መስኮቱ ጉም ለብሶ ቆሟል። ረዳቱ «ዕቃውን ፖርቶ መጋላ ላይ እናድርገው» አለ፣ ልጁም እምቢ አለ፣ ማሽኑን በጋቢው ጠቅልሎ እቅፉ ውስጥ አደረገውና ተቀመጠ። ከዚያም ሄድን። ከጮቄ ተራራ በኩል የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ በጡሩምባ እየተጠራራ ይነዳል፣ ደብረ ወርቅ ላይ ትኩስ በቆሎ ገዛን፣ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ተነፈሰና ዝናቡ ሥር ወርደን ቆምን፣ ልጁ ግን አልወረደም። አጠገቡ የተቀመጡ እናት ብዙ ሲያዩት ቆይተው «ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው እንዲህ ያቀፍከው?» አሉት። «ጨዋታ ነው፣ እምዬ፤ ታሞብኝ ነው» አላቸው። እርሳቸውም አልሳቁም፤ እጃቸውን ጋቢው ላይ አሳርፈው «እግዜር ይማርልህ» አሉት። ሞጣ ደርሰን፣ ረቡዕ ነበርና ሽሮ በላን፣ በአዴት አልፈን ሲመሽ ባሕር ዳር ገባን።

ባሕር ዳር የልጁ ወዳጅ ቤት ዋይፋይ ነበር። ማሽኑን ሰኩት፣ መውረድ ጀመረ፣ በመቶ ሁለት፣ በመቶ ሦስት እያለ፤ አድሮም አላለቀ። እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠን አወጋን፣ ወዳጁም ኮምፒውተር የተማረ ነውና እንከኑ ከየት እንደሚመጣ አስረዳኝ። ጌሙ የሚወጣበት ቀን የሚቆረጠው ሥራው ሳያልቅ ነው አለኝ። ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ ገንዘብ ያወጡት ይጠብቃሉ፣ የፈረንጅ ገና ይደርሳል፣ ገበያው ያን ጊዜ ነው። ሲዲው ታትሞ በዓለም እስኪሠራጭ ሳምንታት ስለሚወስድ ቀድሞ ይታተማል፣ ሠሪዎቹም ከታተመ በኋላ ማረማቸውን ይቀጥላሉ፣ ያረሙትንም በኔትወርክ ይልኩታል። ጥሩ ኔትወርክ ያለው ሰው ሲዲውን ሲከት እርማቱ አብሮ ይወርድለታል፣ እንከኑን ሳያየውም ያልፋል። ኔትወርክ የሌለው ግን የሚቀርለት ያልታረመው ነው፣ እሱም ያንኑ ዋጋ ከፍሎ።

ችኮላው አዲስ አይደለም። አታሪ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ኢ.ቲ. ከተባለው ፊልም ጌም አውጥቶ ለገና ለማድረስ ሲሯሯጥ፣ ለሠሪው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። ተጫዋቹ እየደጋገመ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ ተማረረ፣ ካልተሸጠውም ከፊሉ በዓመቱ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ተቀበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆፍረው ጥቂቱን አወጡት። ያኔ ግን የቸኮለ ሠሪ በሁሉም ፊት እኩል ያፍር ነበር፣ የአሜሪካውም ልጅ የሌላውም ልጅ የያዘው ያንኑ ነውና። ዛሬ ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም ያየን እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ወጣ፣ በአሮጌው ማሽን ላይ እየተሰበረ አስቸገረ፣ ሶኒም በሳምንቱ ከመደብሩ አወረደው፣ ቆይቶ ግን በእርማት ላይ እርማት እየተላከለት ስሙን አደሰ። ሁለተኛ ዕድል ማግኘቱን አልነቅፍም። ያ ሁለተኛ ዕድል በየትኛው መንገድ ቢቸና ይደርሳል ነው የምለው።

የእኛን ልጆች ልብ የነካው ግን የፔስ ነገር ነው። ሠሪው ኮናሚ ልጆቹ ያደጉበትን ጌም ስሙን ለውጦ ኢፉትቦል አለውና መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ለቀቀው። የታወቁት ተጫዋቾች ፊት ተጣሞ፣ ኳሷ ወዲያ ተጫዋቹ ወዲህ ሆኖ፣ ቡድኖቹም ጥቂት ሆነው ወጣ። በዓለም ያለ ተጫዋች ጮኸ፣ ስቲም በተባለው መደብር ከሁሉ የከፋ ነጥብ ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ገባ፣ ኮናሚም በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀ። የተስተካከለው እትም የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ነጻ ነው ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሲዲ የለውም፣ በኔትወርክ ካልወረደ አይገኝም። የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፣ ከዚያም «ጋሼ፣ ነጻ የሆነው ለማን ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። እርማቱ አለቀ፣ ማሽኑ ተጠቀለለ፣ በመጣንበት ተመለስን፣ ዝናቡም አብሮን ተመለሰ። ቢቸና ስንገባ ልጆቹ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ጠበቁን፣ ጋቢውን ሲፈታ ቤቱ ሞላ፣ ጨዋታው ተጀመረ፣ ዕረፍት ደረሰ፣ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፣ ሁለተኛው ግማሽ ጀመረ፣ ኳሷም ተንቀሳቀሰች። ከጓሮ ቡና ትቆላ የነበረች የቤቱ አከራይ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አየን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በአማራ የተነሳውን ግጭት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ የሚዘጋበት ሰሞን መጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። ከሐዘኑና ከስጋቱ አጠገብ የጨዋታ ነገር ትንሽ ነው። ነገር ግን ልጆች ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ቀኑም ረጅም ነበር። ያኔ የጎረቤቴ ልጅ አልጋው ሥር ገብቶ አሮጌዋን ፕሌስቴሽን ቱ አወጣት፣ ላስቲኩን ፈታ፣ አቧራዋን ነፋ፣ በጎኗ አቆማት፣ ሲዲውን ሲከት አነበበች። ከማንም ፈቃድ አልጠየቀችም፣ ከየትም የሚላክ አልጠበቀችም፤ በዚያ ሲዲ ላይ ያለው ጨዋታ ከፋብሪካ ሲወጣ አልቆ የወጣ ነውና። ስልክ ያላቸውም ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን ጌም ዜንደር በሚሉት የስልክ ፕሮግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉ ነበር፤ አንዱ የጫነው ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል።

አሁን ደግሞ ወደ ሞጣ ልውሰዳችሁ። እዚያ አንድ የዘመድ ቤት አለ፣ ልጃቸው ከአሜሪካ ለበዓል ሲመጣ ዓይን ላይ የሚደረገውን፣ ቪአር የሚሉትን መነጽር ይዞ መጣ። ያንን ያደረገ ሰው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሌላ አገር ያያል፤ ዞር ቢል አገሩም አብሮ ይዞራል። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ከመጀመሪያዎቹ አንዱን የሠራ ጊዜ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ነበር፤ ይህኛው በአንድ እጅ ይያዛል። እኔ ነገሩ አልተስማማኝም ነበር፣ እውነቴን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚያየው ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው ብዬ። አሜሪካ ሲሆን መነጽሩ የሚያሳየው በቴሌቪዥን ላይ ይለቀቅና ቤተሰቡ አብሮ ያያል ተባለ፤ እኛ ዘንድ ግን ያን ቀን ኔትወርክ ስላልነበረ አልሆነም።

መነጽሩን ለቤቱ አያት አደረጉላቸው። በረጅም ሕንፃ ጫፍ ላይ ሳንቃ ተዘርግቶ በሳንቃው ላይ የሚኬድበት ጨዋታ ነው። አማተቡ። «ምን ያያሉ፣ እምዬ?» አልናቸው። «ከፍ ያለ ቦታ ነኝ» አሉ፣ «ሳንቃ አለ፤ ሥሩ ገደል ነው፤ ሰዉ ጉንዳን አክሏል»። ሁላችንም ጠጋ አልን፤ ከእርሳቸው አፍ በቀር የምናየው ነገር አልነበረንምና። ልጆቹ «ውሸት ነው እኮ፣ እምዬ፣ ዝለዪ!» አሉ። «ገደሉን እያየሁት!» አሉ፣ አንድ እግራቸውንም አስቀደሙ፣ ከዚያም ቆሙና «ገመዱን ከወዲያ ማን ይዞልኛል?» አሉ።

ገመድ የምን እንደሆነ ሽማግሌው ሁሉ ገባው። ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱ ቅስት የፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሰው በክፍተቱ ላይ የተሻገረው በገመድ ነው፤ ወዲህ ማዶ ሰዎች ይይዛሉ፣ ወዲያ ማዶ ሰዎች ይስባሉ፣ መሀል ላይ ያለው ወንዙን ከሥሩ እያየ ይንጠለጠላል። ይህን የሚያሳይ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ መጽሔት ላይ አይቶ ልቡ ተነካና መጣ፣ በ1994 ዓ.ም. ከአገሬው ሰው ጋር ክፍተቱን ጠገነው፤ ጥቂት ክረምት ቆይቶ ዓባይ ሞልቶ ወሰደው፣ ኋላም የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። የአያቲቱ ባል ከገመዱ ዘመን ሰዎች ነበሩ፣ በግ ይዘው የሚሻገሩ። አያቲቱም መነጽሩን ሳያወልቁ፣ ሳንቃው ላይ እንደቆሙ፣ ባላቸው የተሻገሩበትን አንድ ቀን ያወጉን ጀመር፣ ገመዱ እንዴት እጅ እንደሚልጥ፣ በጉ እንዴት እንደጮኸ። ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ተነሱ፣ የአያታቸውን መቀነት ፈትተው አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ያዙላቸው፣ እርሳቸውም ይዘውት ሳንቃውን እስከ ጫፉ ሄደው ተመለሱ። እኔም ስለ መነጽሩ ያልኩትን መልሼ ዋጥኩት።

ጌም ደግሞ በእኛም አገር ይሠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባል ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጌም አወጣ፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት፤ ገበጣንም ስልክ ላይ አምጥቶታል። ከቢቸናም ከሞጣም ወጥታችሁ ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች ነገ የራሳችሁን ትሠራላችሁ። ያን ጊዜ የሚወጣበትን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ጌሙን ወደዚህ አምጡት። በአሮጌ ስልክ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ መሀል ላይ መብራት ሄዶ ይሞከር፤ በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍና ይታይ። የጎረቤቴ ልጅ ቤት ዛሬም ክፍት ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አግዳሚው ይሞላል፣ እንከን ካለውም እስከ ማታ አግኝተው ይነግሯችኋል።